ሐረጉ ከብራና ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ባሕር ዳር የምትኖር አንዲት ሠዓሊ የብራና መጻሕፍትን ሐረግ፣ ማለትም በገጽ ራስ ላይ የሚሣለውን የተጠላለፈ ጌጥ፣ በትልልቅ ሸራ ላይ ትሥላለች። ጎጃም ገጠር ውስጥ ብራና የሚጽፉ አንድ መሪጌታ ነገሩ አልጣማቸውም። ሁለቱንም ጻፉልን አልናቸው።

መሪጌታው፦ ልጄ፣ ሥዕልሽን አይቼዋለሁ። እጅሽ ይባረክ፣ መሥመርሽ አይንቀጠቀጥም። ግን ሐረግ ለጌጥ ብቻ አይደለም። መጽሐፍ ሲጀምር፣ ምዕራፍ ሲከፈት፣ ከገጹ ራስ ላይ ይሣላል። አንባቢውን «ከዚህ ጀምር» ይለዋል። ያንቺ ሸራ ላይ ምን ይጀመራል? ከሥሩ ፊደል የለም። በሩን ሠርተሽ ቤቱን ረስተሻል።

ቀለሙስ? እኛ ጥቀርሻና የተቃጠለ እህል ፈጭተን፣ በውሃ በጥብጠን፣ ለወራት እያማሰልን ነው የምናደርሰው። ይሸታል፤ ባለቤቴ እንስራውን ከቤት ታስወጣዋለች። አንቺ ቱቦ ትጨምቂያለሽ፣ አለቀ።

ሠዓሊዋ፦ የኔታ፣ በቱቦው ረተውኛል፤ አክሪሊክ ነው። «ቤቱን ረስተሻል» ያሉት ግን አልተዋጠልኝም። ጣና ላይ፣ ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን መቅደሱ ላይ ያለው ሥዕል እኮ ጨርቅ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ ነው። የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎችም በ1590 እ.ኤ.አ. ገደማ ሮም ከታተመ የዓረብኛ ወንጌል ሥዕል ቀድተዋል። ቀድተው የራሳቸው አደረጉት። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ጠልሰሙን፣ የክታቡን ሥዕል፣ አሜሪካ ድረስ ይዞት ሄደ። ሌላው ሠዓሊ ዘሪሁን የትምጌታ ቀርከሃ ላይ ሣለ። (ቀርከሃማ እንጅባራ ሞልቷል፤ እኛ አጥር እናጥርበታለን።)

መሪጌታው፦ ጨርቁን አልካድኩም። ያ ግን መቅደስ ላይ ነው፣ ያንቺ ሆቴል ሳሎን ውስጥ። ደግሞ ቀዩ! ቀይ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም፣ ለመክፈቻው መሥመር ነው የሚቆጠበው። አንቺ መደቡን በሙሉ ቀይ ለቀሽበታል። ዓይኔ ስም ሲፈልግ ዋለ፣ የለም።

ሠዓሊዋ፦ ይኼ ነካኝ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ቀይ ግድግዳ ላይ ያምራል ብዬ ነው። የሚቀጥለውን በጥቁር ብቻ እሥለዋለሁ። ሐረጉን ግን አልተውም። እርስዎ ጋ ብርዕ የሚቀርጹት ተማሪዎች ሁለት ናቸው ብለውኛል። እኔ ጋ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጡት ልጆች ሸራው ሥር ቆመው «ይኼ ከየት ነው የመጣው?» ይሉኛል። መልሱን ከእርስዎ ሰምተው ቢሆን ደስ ይለኛል። እኔንም ቀለሙን ያስተምሩኝ።

መሪጌታው፦ ነይ። ከቀለሙ በፊት ግን ቆዳ አለ። የፍየሉን ቆዳ ራስሽ ወጥረሽ ራስሽ ትፍቂዋለሽ። ጓንት ይዘሽ እንዳትመጪ።