ታጣፊው ይጠብቅ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ፊት ለፊት እንነጋገር። ከጀሞ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ ከአያት እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ በከተማችን በአዲስ አበባ ዳርቻ መስቀለኛ መንገድ ላይ የምናሳየው ጠባይ ሰው እያስጨረሰን ነው። መንጃ ፈቃድ ኪሳችን ውስጥ አለ። ቅድሚያ የማን እንደሆነ ግን ብዙዎቻችን አናውቅም። የምናውቀውም እያወቅን እንተወዋለን። አፍንጫውን ቀድሞ ያስገባ ያልፋል። ይህ ቅሚያ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ከሁሉ የከፋው ጥፋታችን ወደ ግራ ስንታጠፍ ነው። አገራችን በ1956 ዓ.ም. በቀኝ መንዳት ከጀመረች ወዲህ ወደ ግራ የሚታጠፍ ሾፌር ሁሉ ከፊት ለፊቱ የሚመጣውን ሰው መስመር እየቆረጠ ነው የሚያልፈው። መንገዱ የዚያኛው ነው። ስለዚህ ቀጥ ብሎ የሚመጣው እስኪያልፍ፣ ወደ ራሱ ቀኝ የሚታጠፈውም እስኪገባ ድረስ ትቆማላችሁ። ፍሬቻ ስላበራችሁ ቅድሚያ አላገኛችሁም። መብራቱ አረንጓዴ ቢሆንም የግራ ቀስት ከሌለው ያው ነው፣ ለፊት ለፊቱም በርቶለታል።

«ሩቅ ነው፣ እደርሳለሁ» የምትሉ ሰዎች፣ እስቲ አስቡት። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚመጣ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሰፊውን አስፋልት ለማቋረጥ 4 ሰከንድ ከፈጀባችሁ፣ እሱ በዚያ ጊዜ ከ65 ሜትር በላይ መጥቷል። አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ከሆነ ደግሞ ሾፌሩ ፍሬን ቢረግጥም ቶሎ አይቆምለትም። ማታ የባሰ ነው። የመንገድ መብራት በሌለበት ሰፈር አንድ መብራቱ የጠፋ አይሱዙ ሞተር ሳይክል ይመስላል። ርቀቱን መገመት ካቃታችሁ ጠብቁ። ስትጠብቁም ጎማውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። መሪውን አስቀድማችሁ ወደ ግራ ካዞራችሁት፣ ከኋላ የሚገጫችሁ መኪና ገፍቶ ከፊት የሚመጣው ሥር ያስገባችኋል።

አንድ ደግ ሾፌር ቆሞ በእጁ «እለፍ» ሲላችሁም አትቸኩሉ። እሱ መስጠት የሚችለው የራሱን መስመር ብቻ ነው። ከጎኑ የሚበረውን ሚኒባስ ወይም ሞተር እናንተ አታዩትም፣ እነሱም አያዩአችሁም። ቀስ ብላችሁ ውጡ፣ ሁለተኛውን መስመር በዓይናችሁ አይታችሁ እለፉ። መብራት ብልጭ ሲደረግላችሁም እንደዚያው። አንዱ «እለፍ» ለማለት ያበራል፣ ሌላው «መጣሁ፣ እንዳትገባ» ለማለት ያበራል። ከሁለቱ የቱ እንደሆነ ሳታውቁ ሕይወታችሁን አትስጡ። ደግ ሾፌሮችም ብትሆኑ፣ ከጎናችሁ ያለውን በስፖኪዮ ሳታዩ ሰው አትጥሩ።

ወደ ቀኝ መታጠፍ ቀላል ይመስለናል። አንገታችንን ወደ ግራ አዙረን መኪና እንደሌለ እናይና እንጠመዘዛለን። በቀኝ በኩል እግሩን አስፋልት ላይ ያሳረፈው ልጅ ግን አልታየንም። ወደምትታጠፉበት መንገድ እየተሻገረ ያለ እግረኛ ቅድሚያው የእሱ ነው። የዜብራው ቀለም ለቅቆ ሊሆን ይችላል፣ አዲስ የኮንዶሚኒየም ሳይት ከሆነም ከነጭራሹ ያልተቀባ ይሆናል። ተማሪዎች ጠዋት ጠዋት የሚሻገሩት ግን እዚያው ነው፣ ወዴት ይሂዱ? ቦርሳ ባዘለ ልጅ ላይ ክላክስ የምታስጮሁ፣ እፈሩ!

ባለ ባጃጅ ወንድሞቼ፣ ከኮብልስቶን ወደ ዋናው አስፋልት ስትወጡ ቁሙ። አስፋልቱ ላይ ያለው ቅድሚያ አለው። ወደ ቀኝ ሊታጠፍ ፍሬቻ ያበራ ረጅም መኪናም በቀኙ አትሹለኩበት። የኋላ ጎማው ከፊተኛው ይልቅ ወደ ውስጥ ገብቶ ነው የሚዞረው፣ ሾፌሩም እዚያ ጋ አያያችሁም።

አደባባይ ላይ ቅድሚያው ውስጥ ላለው ነው፣ ገቢው ይጠብቃል። ውስጥ ያላችሁም ብትሆኑ ከውስጠኛው መስመር ተነስታችሁ በድንገት ወደ መውጫው አትቁረጡ፣ ቀድማችሁ ወደ ዳር ያዙ። ማዶው ተዘግቶ እያያችሁ ደግሞ መስቀለኛው መሐል ገብታችሁ አትገተሩ። እናንተ ቆማችሁ አራቱም አቅጣጫ ይታሰራል፣ ወላድ የያዘ አምቡላንስ ከኋላ እየጮኸ ማለፊያ ያጣል።

ትራፊክ ፖሊስ ቆሞ ሲያስተናብር እጁ ከመብራቱም ከምልክቱም ይበልጣል። እሱ ዞር ሲል ግን ሕጉ አብሮት አልሄደም። ቅድሚያ ያለውም ቢሆን መብቴ ነው ብሎ ሰው ላይ አይነዳም፣ የተሳሳተውንም ቢሆን ማትረፍ አለበት።

ተሳፋሪዎችም ከወቀሳው አትድኑም። ጋቢና ተቀምጣችሁ «ንዳው እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ» የምትሉት እናንተ ናችሁ። ሾፌሩ ሌላውን ለማሳለፍ ሲቆም ተዉት፣ ትክክል ነው። እየተጋፋ ሲገባ ግን አትፍሩት። «ወንድሜ፣ እነሱ ይለፉ፣ እንደርሳለን» በሉት። አልሰማ ካለ ቀጣዩ ፌርማታ ላይ «ወራጅ አለ» ብላችሁ ውረዱለት።