የቴክሳስ ሕግ አውጪዎች አፍንጫ ይባረክ

በቁማር የተገኘ ገንዘብ ፖለቲካን እንዳያበላሽ የሚጨነቅ ሕግ አውጪ በየአገሩ አይጠፋም፤ የትኛው የቁማር ገንዘብ እንደሚያበላሽ በማሽተት ብቻ ለይቶ በማወቅ ግን የአሜሪካዋን ቴክሳስ ሕግ አውጪዎች የሚያህል አልተገኘም። መራጩ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1980 ለበጎ አድራጎት የሚውል ቢንጎን (የሚጠራውን ቁጥር በካርድ ላይ እየፈለጉ የሚጫወቱትን ቁማር) ፈቀደ፤ ጨዋታውን የሚያስተዳድረው ሕግ ደግሞ ፈቃድ የወሰዱ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራትና መሰሎቻቸው ከቢንጎ ያተረፉትን ገንዘብ እጩን ለመደገፍም ሆነ ለመቃወም፣ ለሕዝበ ውሳኔ ለመቀስቀስ ወይም ሕግ አውጪዎችን ለመወትወት እንዳያውሉት ከለከለ።

የቢንጎ አዳራሽ ደጃፍ የረገጠ ሰው የዚህ ጥንቃቄ ምክንያት ወዲያው ይገባዋል። አንዲት እናት መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አሳርፈው፣ ስድስት የወረቀት ካርድ ፊታቸው ደርድረው፣ ጠሪው «ቢ ሰባት» ሲል ወፍራሙን የቀለም እስክሪብቷቸውን ቁጥሩ ላይ ጫን ያደርጋሉ። ከእኚህ ሴት የተገኘች አንዲት ዶላር በራሪ ወረቀት ሆና የአንድ የተከበሩ የምክር ቤት አባል ጠረጴዛ ላይ ብታርፍ የሚደርሰውን ጥፋት ማሰቡ ራሱ ይዘገንናል።

ክልከላውን እንዲያስከብር አደራ የተጣለበት የቴክሳስ ሎተሪ ኮሚሽን ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የሚሸጠውን የግዛቲቱን ሎተሪ ያስተዳድር የነበረ መሥሪያ ቤት ስለ ቁማር ገንዘብ ንጽሕና ቢቆረቆር ማን ይፈርድበታል? የቀድሞ ወታደሮቹ ማኅበራት ግን ውለታ ቢሶች ናቸውና ከሰሱ። የመንግሥት ጠበቆች የቢንጎ ፈቃድ እንደ ድጎማ ስለሚቆጠር ሰጪው በገንዘቡ አጠቃቀም ላይ ገደብ ሊጥል ይችላል ብለው ተከራከሩ፤ የአምስተኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2014 በሙሉ ጉባኤ ተሰይሞ፣ በገንዘቡ ውስጥ የመንግሥት ሳንቲም እንደሌለበት ገልጾ፣ ክልከላው የመናገር ነጻነትን ይጥሳል ሲል ሻረው። (የዳኞቹን አፍንጫ ነገር ተዉት።)

የሕግ አውጪዎቹ አፍንጫ ከሁሉ በላይ የሚደነቀው ግን ሳይሸተው በሚያልፈው ነገር ነው። በቴክሳስ የንግድ ካዚኖ መክፈት ክልክል ነው፤ በካዚኖ ንግድ የተካበተ የላስ ቬጋስ ሀብት ግን ለምርጫ ገንዘብ በሚያሰባስብ የፖለቲካ ኮሚቴ በኩል አልፎ፣ ካዚኖ እንዲፈቀድ በሚወተውቱ ወገኖች እጅ ለምክር ቤት እጩዎች ሲታደል ከርሟል፤ ግለሰብ ለእነዚህ እጩዎች በሚያዋጣው ገንዘብ ላይም ሕጉ ጣሪያ አላበጀም። ምናልባት ገንዘብ ረጅም መንገድ ሲጓዝ ሽታው ይለቀው ይሆናል። እንዲህ ከሆነ እናታችን በሰፈራቸው አዳራሽ ጊዜያቸውን ከሚያባክኑ፣ ላስ ቬጋስ ድረስ በርረው በቁማር ቢበሉ በተሻላቸው ነበር፤ እዚያ የተበላ ዶላር ወደ ቴክሳስ ሲመለስ የምክር ቤቱን በር የሚከፍቱለት ቆመው ነው።