"ሦስት ታይ ቺሊ ጨምሩ"? የትኛውን?

እስኪ በናታችሁ፣ "ሦስት ፍሬ ታይ ቺሊ (የታይላንድ ቃሪያ) ከትፋችሁ ጨምሩ" ብሎ ማለፍ ምን የሚሉት የምግብ አሠራር ነው? በርበሬና ሚጥሚጣን አንድ አድርጎ የጻፈ ሰው ብናገኝ አገር ይያዝልን ብለን እንጮህ ነበር። የታይላንዱ ሲሆን ግን ቀላ ያለ፣ ቀጠን ያለ ነገር ሁሉ "ታይ ቺሊ" ሆኖ ቁጭ። የሱፐርማርኬቱ ፕላስቲክም ያው ነው፦ ስም "ታይ ቺሊ"፣ ክብደት 50 ግራም፣ አለቀ። የዝርያው ስም የለም። ምግቡ ሲበላሽ ጥፋቱ የአብሳዩ ይሆናል።

ታይላንድ ውስጥ ቃሪያ በጥቅሉ "ፕሪክ" ይባላል፤ ከኋላው ስም ካልተከተለ ግን ምንም አልተባለም። ትንሹና ጉደኛው ፕሪክ ኪ ኑ ሱዋን ነው። "ኪ ኑ" ማለት የአይጥ ካካ ነው (ሳቁ ግድ የለም፣ ቅርጹን ስታዩ ይገባችኋል)፣ "ሱዋን" ደግሞ ጓሮ። ርዝመቱ ከ1 እስከ 2.5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። አረንጓዴው፣ ቀዩና ብርቱካናማው ተደባልቆ ይሸጣል፣ የበሰለው ብዙ ጊዜ ከእጀታው በቀላሉ ይላቀቃል። ከሁሉም በላይ የሚለየው ሽታው ነው፦ ገና ስትቆርጡት ቤቱን ያውዳል። ሌላው ጂንዳ ነው። ርዝመቱ ከ3 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር፣ ቀጥ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እጀታውን አጥብቆ የያዘ፣ ቀዩ ለብቻ አረንጓዴው ለብቻ ተለይቶ የሚሸጥ። በውጭ አገር "ታይ ቺሊ" ወይም "የወፍ ዓይን" ተብሎ የሚሸጥላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ይሄኛው ነው። ይፋጃል፣ ግን የሱዋኑን ያህል አይደለም፤ ያ ሽታም የለውም። ሦስተኛው ቺ ፋ ነው፣ ትርጉሙ "ሰማይ ጠቋሚ"። የጣት ያህል ውፍረት አለው፣ 10 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይረዝማል፣ ማቃጠሉ ለዘብ ያለ ነው፣ ሥራው ቀለምና ሥጋ መስጠት ነው።

በሰሜን በቺያንግ ማይ በኩል ተጠብሶ ተልጦ የሚወቀጠው ረጅሙ ፈዛዛ አረንጓዴ ፕሪክ ኑም አለ፤ ከምያንማር ድንበር አካባቢ የካረን ሕዝብ የሚያመርተው ክፉኛ የሚያቃጥል ካሪያንግ አለ፤ ደቡቡ በቢጫው ይኮራል። እነዚህን ከአገሩ ውጭ ማግኘት ከባድ ስለሆነ ልለፋቸው።

አሁን ወደ ንዴቴ። ቀይ ከሪ፣ በኮኮናት ወተት የሚሠራው የታይላንድ ወጥ። የከሪው ድልህ የሚሠራው ከደረቁ ትልልቆቹ፣ ከቺ ፋ ወይም ከባንግ ቻንግ ዓይነቱ ነው። ፍሬያቸው ይራገፋል፣ ለ20 ደቂቃ ያህል ሙቅ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋሉ፣ ተጨምቀው በሙቀጫ ከጨው ጋር ይደቆሳሉ። አሠራሩን የገለበጠው ሰው ግን "10 ደረቅ ታይ ቺሊ" ብሎ ይጽፋል። አንባቢ ገበያ ሄዶ ትንሹን ደረቅ ጂንዳ ይገዛል፣ 10 ፍሬ ይቆጥራል፣ ይደቁሳል። ወጣላችሁ እሳት! ቀለሙም ደግሞ አይቀላም፤ ያቺ ቅጥነት ምን ሥጋ ኖሯት ድልህ ታወፍራለች? ሰውየው በሁለተኛው ሙከራ ፈርቶ ወደ 3 ያወርደዋል፣ አሁን ማቃጠሉ ይስተካከልና ከሪው የገረጣ የኮኮናት ሾርባ ይሆናል። ለበርበሬ ወጥ በበርበሬው ልክ ሚጥሚጣ መድፋት በሉት። ቁጥር መቀነስ አያድነውም፣ ዝርያው ነው የተሳሳተው። ትልቁ ከጠፋ ለቀለሙ ማንኛውንም ትልቅ፣ ለዘብ ያለ ደረቅ ቀይ ቃሪያ ግዙ፣ ለማቃጠሉ 2 ወይም 3 ትንንሽ ጨምሩ።

ሲገለበጥም እንዲሁ ነው። ናም ፕላ ፕሪክ የሚባለው፣ የዓሣ ስጎ ላይ ተከትፎ ሩዝ አጠገብ የሚቀርበው፣ ያለ ሱዋን ጨው ያለው ውሃ ነው። እዚያ ላይ ቺ ፋ የሚከትፍ ሰው ቀይ ጌጥ ነው የሠራው።

"ግን ታይላንዶቹ ራሳቸው በፍሬ ይቆጥሩ የለ?" የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ ያልበሰለ ፓፓያ ሰላጣ፣ ሶም ታም፣ ሲታዘዝ ሻጯ "ስንት ፍሬ?" ትላለች። ቁጥሩ የሚሠራው ግን ሻጯም ደንበኛውም እዚያው ሙቀጫ አጠገብ ያለውን ቃሪያ ስለሚያዩት ነው። አቀጣቀጡም ራሱን የቻለ ነገር ነው፦ በዘነዘና አንዴ የተሰነጠቀ ፍሬና ድቅቅ ያለ ፍሬ እኩል አያቃጥሉም።

ደግሞ ስኮቪል ስኮቪል (የቃሪያ ማቃጠል የሚለካበትን ቁጥር) አትበሉን። ዊልበር ስኮቪል በ1912 ያወጣው ዘዴ የቃሪያውን ጭማቂ በስኳር ውሃ እያቀጠኑ ቀማሾች ማቃጠሉ አልሰማን እስኪሉ መሄድ ነበር። ዛሬ በመሣሪያ ይለካል፣ ስሌቱም በደረቅ ክብደት ነው፤ ትኩስ ቃሪያ ግን አብዛኛው ውሃ ነው። ለ"ታይ ቺሊ" የሚለጠፈው ከ50,000 እስከ 100,000 ስኮቪል ነው። ታችኛውና ላይኛው እጥፍ ይራራቃሉ፣ የትኛው ዝርያ እንደሆነም አይናገርም! ሙቀቱ፣ የውሃ እጥረቱ፣ የለቀማው ጊዜ ሁሉ ይለውጠዋል።

በእጃችሁ ያለውን ማወዳደር ከፈለጋችሁ ቁጥሩን ተዉትና እንዲህ አድርጉ። ከሁለቱ ዝርያ እኩል የበሰሉትን ምረጡ፣ ቀይ ከቀይ። እጀታውን አውጥታችሁ 10፣ 10 ግራም መዝኑ፣ ለየብቻ ውቀጡ። እያንዳንዱን 50 ሚሊ ሊትር ሽታ የሌለው ዘይት ውስጥ በለስላሳ እሳት 15 ደቂቃ አቆዩ፤ እንዳይጠቁር። በሻይ ማጥለያ አጥልሉ። በ2 የሾርባ ማንኪያ የቀዘቀዘ ሩዝ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዘይት አፍስሳችሁ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ስጡ። ለዘብ የሚለው ይቅደም፤ በመሃል ወተትና 10 ደቂቃ ዕረፍት። ውሃ አይሠራም፣ የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር፣ ካፕሳይሲን፣ በውሃ አይሟሟም። ከዚያ ኃይለኛውን በንጹህ ዘይት እያቀጠናችሁ ከደካማው ጋር አመሳስሉት። 1 ማንኪያ የሱዋን ዘይት በ2 ማንኪያ ንጹህ ዘይት ሲቀላቀል ከጂንዳው ከተካከለ፣ የዚያ ቀን ሱዋናችሁ በክብደት ሦስት እጥፍ ይፋጃል ማለት ነው። የተረፈውን ዘይት ያኔውኑ ድፉት፤ ትኩስ ቃሪያ የገባበት ዘይት በክፍል ሙቀት ሲቆይ ቦቱሊዝም (ከባድ የምግብ መመረዝ) ሊያመጣ ይችላል።

ጫፉን ነክሶ "ይሄማ አያቃጥልም" የሚለውን ጀግና ደግሞ አደራችሁን አትስሙት። ማቃጠሉ ያለው ፍሬው የተጣበቀበት ነጩ ሥጋ ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ ወደ እጀታው ያደላል። ፍሬውም ቢሆን የሚያቃጥለው ከነጩ ስለተነካካ እንጂ በራሱ አይደለም። ስለዚህ "ፍሬውን አውጡ" የሚለውን ትእዛዝ "ነጩን ፋቁ" በሉት።

ሲጽፉ እንዲህ ቢጽፉ ምን ይጎድልባቸዋል፦ "ጂንዳ፣ ቀይ፣ ትኩስ፣ 5 ግራም፣ በደቃቁ የተከተፈ"። "ሦስት ታይ ቺሊ" ካለ ግን አስተያየት መስጫው ላይ "የትኛው?" ብላችሁ ጠይቁልኝ፤ መልስ እስኪመጣ እሳቱን አትለኩሱ።