ማስተካከያ፦ ስለ ጎውዳ ቤተ ክርስቲያን የመስኮት ንድፎች

በኔዘርላንድስ ጎውዳ ከተማ ስለሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ባለቀለም የመስታወት መስኮቶች ቀደም ሲል ባቀረብነው ጽሑፍ፣ ሠዓሊው ዲርክ ክራቤት በወረቀት ላይ የሠራቸው ንድፎች መስኮቶቹ ከተተከሉ በኋላ ለመታሰቢያ የተገለበጡ ቅጂዎች ናቸው ማለታችን ስሕተት ነው። ንድፎቹ ከመስታወቱ የቀደሙ፣ በመስኮቱ ትክክለኛ መጠን የተሣሉ ናቸው፤ መስታወቱ ተቆርጦ የተቀባውም እነርሱን ተከትሎ ነው። “ቅጂ” የሚለው ቃል የሠዓሊውን ድካም ስለሚያሳንስ አንባቢዎቻችንን ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። እነዚያ ግዙፍ ወረቀቶች ከአራት መቶ ዓመታት በላይ ተጠብቀው መቆየታቸው ራሱ የሚያስደንቅ ሲሆን፣ መስኮቶቹ በሚጠገኑበት ጊዜም አገልግለዋል።

መስኮቶቹ በሙሉ የዲርክና የወንድሙ የቫውተር ሥራ ናቸው ያልነውም መታረም አለበት። ቤተ ክርስቲያኑ እ.ኤ.አ. በ1552 በመብረቅ ተመትቶ ከተቃጠለ በኋላ ወንድማማቾቹ ከ1555 እስከ 1571 ባለው ጊዜ ዋነኞቹን መስኮቶች ቢሠሩም፣ ከተማዋ ወደ ፕሮቴስታንት እምነት ከዞረች በኋላ ከ1594 እስከ 1603 ሥራውን የቀጠሉት ሌሎች ናቸው። የሌይደን ከተማ ከከበባ ነጻ መውጣቷን የሚያሳየውን የ1603 መስኮት የነደፈው ይሳቅ ቫን ስዋነንቡርግ ነው።

የስፔኑ ንጉሥ ዳግማዊ ፊሊጶስ ከባለቤቱ ከእንግሊዟ ንግሥት ሜሪ ጋር በጌታ የመጨረሻ እራት ፊት ተንበርክኮ የሚታይበት መስኮት ግን፣ ቀድሞ እንደገለጽነው፣ የራሱ የንጉሡ ስጦታና የዲርክ ክራቤት ሥራ ነው።