ዋስ ያለው ሁሉ ታማኝ ነው ያለው ማነው?

ሰሞኑን አንድ የሬዲዮ ውይይት ሰማሁ። ጉዳዩ ሰራተኛ ለምን አይበረክትም የሚል ነው። ከተጋበዙት የካፌ ባለቤቶች አንዱ መፍትሄ ይዘው መጥተዋል። ባለቤቶች የጋራ የቴሌግራም ግሩፕ ይክፈቱ፤ ሳይናገር ጥሎ የሄደ ሰራተኛ ፎቶው ከነስሙ ይለጠፍበት፤ ሌላም ቦታ እንዳይቀጠር። ዋስ ከአንድ ወደ ሁለት ይደግ። የትምህርት ማስረጃም ኦሪጂናሉ ባለቤቱ እጅ ይቀመጥ። አቅራቢው ሀሳቡን አደነቀ፣ ሌሎቹም ተስማሙ። አንድም ሰራተኛ አልተጋበዘም።

እኔ ለትናንሽ ድርጅቶች ሂሳብ እሰራለሁ። ካፌ፣ ዳቦ ቤት፣ ጋራዥ፣ ሱቅ። ፔሮላቸው፣ ማለትም የሰራተኛ ደመወዝ ዝርዝራቸው፣ በእጄ ያልፋል። ስለዚህ ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከሁሉ በሚያስቀው እንጀምር። ሰውየው «ደመወዝ ብንጨምርም ይሄዳሉ» ብለዋል። ስንት ጨመሩ? ማንም አልጠየቃቸውም። እኔ ላስላው። አንዲት አስተናጋጅ በ5,000 ብር ተቀጠረች እንበል። በ2017 የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነፃ የሆነውን ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጎታል፣ ደግ ነው። እንደዚያም ሆኖ ግብሯ 500 ብር ነው። ጡረታ 7 በመቶ፣ 350 ብር። እጇ የሚገባው 4,150። አሁን ባለቤቱ «ጨመርኩ» ብሎ 500 ብር ቢጨምር፣ ግብርና ጡረታው ተቀንሶ የሚደርሳት 365 ብር ነው። በዚህች ነው ጭማሪ ሰጠን የሚባለው! ያውም የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲመራ ከተለቀቀ በኋላ። ዘይቱም፣ የቤት ኪራዩም፣ ታክሲውም የት እንደደረሰ ባለቤቱ ያውቃል። በሜኑው ላይ ዋጋውን ስንት ጊዜ እንደለወጠ ይቁጠር።

መንግስት እንኳን ከመስከረም 2018 ጀምሮ ለሰራተኞቹ ዝቅተኛውን ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር አድርሶታል። 6,000 ብር ያኖራል እያልኩ አይደለም። ከዚያ በታች እየከፈሉ «የዘንድሮ ወጣት ስራ አይወድም» ማለት ግን ድፍረት ነው።

«ቲፕ አለላቸው» የሚሉም አሉ። ቲፑ የደንበኛው ገንዘብ ነው። ባለቤቱን ምን አገባው?

ባለቤቶቹ ራሳቸው እንደሚጨነቁ አውቃለሁ። አከራዩ ኪራይ በየዓመቱ ይጨምራል፣ ስኳርና ዱቄቱም እንደዚያው። ግን አከራዩን መጋፈጥ ስለማይቻል ከአስተናጋጇ ላይ ይቆነጠራል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ይሄ ነው።

አሁን ወደ ዋሱ ልምጣ። የበለጠ ያናደደኝ እሱ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ምሰሶ ላይ የተለጠፈውንም ቴሌግራም ላይ የወጣውንም የስራ ማስታወቂያ እዩ። ግማሹ «ዋስ ማቅረብ የምትችል» ብሎ ነው የሚጨርሰው። ዋሱስ ማን ይሁን? ቋሚ ደመወዝ ያለው፣ ከመስሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚያመጣ። ወይም ንግድ ፈቃድ ያለው። እሺ፣ ይህን ማን ያቀርባል? እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ አጎቱ መንግስት ቤት፣ አክስቱ ባንክ የሚሰሩለት። ከጎጃም ወይም ከወላይታ መጥታ ከጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል የተከራየች ልጅ ማንን ትጥራ? ስራው ከማንም በላይ የሚያስፈልጋት እሷ ናት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስታ የምትመጣውም እሷ ናት። በር ላይ «ዋስ አለሽ?» ተብላ ትመለሳለች። ዘመድ ያለው ከሌለው ተለየ፣ ሌላ ምንም አልተጣራም። ከዚያ «ጥሩ ሰራተኛ ጠፋ» ይባላል። አልጠፋችም። አሁን መለሳችኋት።

ደግሞ ዋስ ይገዛል። ለማያውቀው ሰው ፈርሞ ብር የሚቀበል እንዳለ፣ የሚያገናኝ ደላላም እንዳለ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ለደሃዋ ልጅ ያ ክፍያ የማይደረስበት ነው። ሊሰርቅ አስቦ ለመጣ ግን ምንም አይደለም፣ በመጀመሪያው ወር ያወራርደዋል። እንዲያውም የኔ ምክር ይኸውላችሁ። ሁለት ዋስ በአንድ ቀን ይዞ የመጣ ሰው ካጋጠማችሁ ጠርጥሩት።

ቆይ፣ አልጨረስኩም። ዋስ ባለቤቱንም ያሰንፋል። ዋስ አለው ተብሎ ዕቃ ግምጃ ቤት አይቆጠርም። የካሸሩ ሂሳብ በየማታው አይዘጋም። ደረሰኝና ሽያጭ አይመሳከርም። በስድስተኛው ወር 30,000 ብር ጎደለ ተብሎ እኔ እጠራለሁ። ዋሱ ይደወልለታል፣ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። ፍርድ ቤት ይኬዳል? ለ30,000 ብር ማን ጠበቃ ቀጥሮ ይመላለሳል? ዋሱ ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል። ሌባ የለም አልልም፣ አለ። ግን እኔ ባየሁት ሁሉ ሌባን የያዘው በየማታው የሚደረግ ቆጠራ ነው።

ሰውን ለማወቅ ከተፈለገ ሕጉ ጊዜ ሰጥቷል። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜን 60 የስራ ቀን አድርጎታል። የሚያጠግብ እንጀራ ከምጣዱ ያስታውቃል፤ 60 ቀን ደግሞ በቂ ነው። በዚያ ሁሉ ቀን አይቶ ሰውን መለየት ያልቻለ ባለቤት አስር ዋስ ቢደረደርለትም አያውቅም።

ኦሪጂናል ማስረጃ መያዝ የሚለውንማ ምን ልበለው? ሰው ማስረጃው ስለተያዘበት ብቻ ቢቆይ ምን ዓይነት ሰራተኛ ይሆናል? ቡናውን እንዴት አድርጎ እንደሚያቀርብ አስቡት።

የቴሌግራም ዝርዝሩን በተመለከተ ግን አንድ ዜና ልንገራችሁ። ሰራተኞቹ ቀድመዋችኋል። የትኛው ካፌ ደመወዝ እስከ ወሩ 15 እንደሚያቆይ፣ የትኛው ብርጭቆ ሲሰበር ከደመወዝ እንደሚቆርጥ፣ የትኛው ባለቤት ደንበኛ ፊት እንደሚሳደብ እርስ በርስ ይነጋገራሉ። በር ላይ የለጠፋችሁት ማስታወቂያ ሦስት ወር ሙሉ ካልተነሳ ወሬው ደርሷቸዋል ማለት ነው።

ሌላም አለ። አንዳንድ ቤት ፔሮሉ ሁለት ነው። ለገቢዎች የሚቀርበው ትንሹ፣ በእጅ የሚከፈለው ትልቁ። ሰራተኛው መጀመሪያ ደስ ይለዋል፣ ግብሩ ያንሳል። በኋላ ብድር ፈልጎ የደመወዝ ደብዳቤ ሲጠይቅ ትንሿ ትጻፍለታለች። ጡረታውም የሚታሰበው በትንሿ ነው። ነገሩ የገባው ቀን ልቡ ሄዷል፣ እግሩ ይከተላል። እኔ በዚህ ምክንያት የተለየኋቸው ደንበኞች አሉ። ይሄኛውን በሬዲዮ ማንም አላነሳውም።

ሰው ማቆየት እንዴት እንደሆነ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የመርካቶን ነባር ነጋዴ ማየት ይበቃል። ከሀገር ቤት የዘመድ ልጅ ያመጣል። ልጁ ይላላካል፣ ዕቃ ያወርዳል፣ ቀስ እያለ ሽያጭ ላይ ይቆማል። ከዓመታት በኋላ አሰሪው በዱቤ ዕቃ ሰጥቶ ሱቅ ያስከፍተዋል። እዚያም ብዝበዛ ነበር፣ አልክድም። ግን ልጁ ነገ የት እንደሚደርስ ያውቅ ነበር። ዛሬ አምስት ዓመት ትሪ የተሸከመች ልጅ ምን ትሆናለች? ስድስተኛውን ዓመት ትሪ ትሸከማለች።

የማውቃት አንዲት የዳቦ ቤት ባለቤት አለች። ሰራተኞቿ እቁብ ይጥላሉ። እቁብ ላይ ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ሰው ዋስ እንደሚጠራ ይታወቃል። ዋስ የምትሆናቸው ራሷ ናት! ሊጥ የሚያቦካው ልጅ ዕጣው ሲደርሰው ሰብሳቢው ፊት ቀርባ ትፈርማለች። ስትቀጥራቸው ዋስ አልጠየቀቻቸውም። ደመወዝ ወሩ ባለቀ ቀን ትከፍላለች፣ እሁድ ቢውል ቅዳሜ። ዱቄቱን ግን በኪሎ ትቆጥራለች፣ በዚህ አትቀልድም። ከእሷ ቤት ሰው ሲለቅ ያየሁት የራሱን ስራ ሊጀምር ወይም አረብ ሀገር ሊሄድ ነው። ለሁለቱም መርቃ ነው የምትሸኘው። አንዳንዶቹም ሲለቁ በምትካቸው እህታቸውን ወይም ወንድማቸውን አምጥተውላታል። ደላላ ከፍላ አታውቅም።

በውይይቱ ማብቂያ ላይ ደግሞ «መንግስት ሕግ ያውጣልን» ተባለ። የወጣውን፣ ያንኑ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ፣ አይተውታል? ሰራተኛ የሙከራ ጊዜውን ከጨረሰ በኋላ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ሳይናገር መጥፋት ልክ አይደለም፣ በዚህ እስማማለሁ። ነገር ግን ያው አዋጅ ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሰሪው በ15 ቀን ውስጥ የስራ ሁኔታውን የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ ይስጥ ይላል። በሳምንት ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት እረፍት ይሰጥ ይላል። ከደመወዝ ላይ ባለቤቱ እንደፈለገ አይቆርጥም፤ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም ይላል። ደብዳቤ ያልሰጣትን፣ እረፍት ያላሳያትን፣ ለሰበረችው ስኒ የቆረጠባትን ልጅ በየትኛው ውል ነው የሚከሳት? አዋጁ ዝቅተኛ ደመወዝን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚኖርም ይናገራል። ይኸው ስንት ዓመቱ፣ ለግል ድርጅት ሰራተኛ ወለል የለውም። ሕግ ከተጠየቀ እሱ ይጠየቅ።