ለክቡር ፕላስ ፕላስ፤ በማስታወቂያ ግርጌ ባሉበት

ቁጥር፡ ጫካ/26.5
ቀን፡ ደመወዝ በገባ ማግስት

ጉዳዩ፡ ለሁለት ሌሊት የሎጅ አዳር የያዝነውን በጀት ስለማፍረስዎ

ክቡርነትዎ፣

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ እኛ በአራት ኪሎ፣ በስድስት ኪሎና በሜክሲኮ ዙሪያ የምንኖር፣ ልጆቻችንን በዓመት አንዴ ከኮንዶሚኒየም ኮሪደር አውጥተን ዛፍ ሥር ለማሳደር የምንመኝ ወላጆች፣ ይህን ደብዳቤ የምንጽፍልዎ በታላቅ አክብሮት ነው። አክብሮታችን ቫትና ሰርቪስ ቻርጅን አይጨምርም።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ እርስዎን ላልታደለ አንባቢ ማስተዋወቅ ይገባናል። ቴሌግራም ላይ ፖስተር ይለቀቃል፦ ጭጋግ፣ ጽድ፣ የሣር ክዳን ጎጆ፣ ነጭ ፎጣ የለበሰች ሳቂታ ሴት። መሐሉ ላይ በቢጫ አኃዝ «6,000 ብር ብቻ» ይላል። ከ«ብቻ» ጎን ትንኝ ያረፈች የምትመስል ነገር አለች። ስልኩን በሁለት ጣት ዘርጋ አድርጎ ያየ ሰው ሁለት የመደመር ምልክት ያገኛል። እርስዎ ነዎት። «ብቻ» እና መደመር ተቃቅፈው እንዴት እንደሚያድሩ እስካሁን ያስረዳን የሒሳብ መምህር የለም።

የመጀመሪያው ምልክት ሰርቪስ ቻርጅ ነው፣ 10 በመቶ። ሁለተኛው ቫት፣ 15 በመቶ። የዋህ አባወራ ደምሮ 25 ይላል። ብልሃትዎ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ቦታ ቫቱ የሚሰላው ሰርቪስ ቻርጁ ከገባበት በኋላ ነውና። 6,000 መጀመሪያ 6,600 ይሆናል። የ6,600 15 በመቶ 990 ነው። ድምር 7,590። አባወራው ግን 7,500 ብሎ ይዟል። ልዩነቷ 90 ብር ናት፤ በሁለት ክፍልና በሁለት ሌሊት 360 ትሞላለች። ለ360 ብር ሪሴፕሽን ላይ ቆሞ ከአንዲት ትሑት ልጅ ጋር መከራከርና ከኋላ «ተው በቃ፣ ሰው ያየናል» መባል ግን ከገንዘቡ በላይ ያስወጣል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ፖስተር ላይ ያየነውን ሁሉ በ1.265 (1.10 በ1.15 ሲባዛ) እናባዛለን። ከኪሳችን ስንነሣ ደግሞ እናካፍላለን፤ 20,000 ብር ያለው ቤተሰብ ለ1.265 ሲያካፍል 15,810 ያገኛል። አልጋም፣ ምሳም፣ የልጆች ጁስም በፖስተርና በሜኑ ዋጋ ሲደመሩ ከዚያች ማለፍ የለባቸውም። የቀረው 4,190 ብር የእርስዎ ነው፣ ክቡርነትዎ፤ ለይተን አስቀምጠንልዎታል።

ፍትሐዊ እንሁን፤ ከቫት ጋር ጠብ የለንም። የመንግሥት ነው፣ እንከፍላለን። ነገር ግን ቫት መሰብሰብ የሚችለው ለቫት የተመዘገበ ድርጅት ብቻ ነው። ስለዚህ በእጅ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ላይ «ቫት 15%» ቢላችሁ አይከፈልም፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያለበት የካሽ ሬጂስተር ደረሰኝ ይጠየቃል። «ደረሰኝ ካልፈለጋችሁ ቫቱን እንተውላችኋለን» የሚል ድምፅ ከካውንተሩ ጀርባ ከተሰማም ቸርነት እንዳይመስላችሁ፤ ነገ ስለ ቀዝቃዛው ሻወር አቤት ስትሉ «መቼ አድራችሁ?» ትባላላችሁ። ሰርቪስ ቻርጁን በተመለከተ ግን አንድ ጥያቄ አለን፤ ለመስተንግዶ 10 በመቶ ከፍለን ስናበቃ፣ አስተናጋጁ ስንወጣ በር ድረስ የሚሸኘን የማንን ጉርሻ ጠብቆ ነው? እሱን ብንጠይቀው ፈገግ ብሎ ወደ ቢሮው በኩል ያያል።

ክቡርነትዎ ብቻዎን አይሠሩም፤ ዘመድዎ ብዙ ነው። አንደኛው «2 ቀን» የሚባለው ነው። መግቢያ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ መውጫ በማግስቱ ረፋድ 5 ሰዓት። ሲቆጠር 21 ሰዓት ነው፣ አንድ ቀን እንኳ አይሞላም። መፍትሔው በመግቢያው ቀን ጠዋት 3 ሰዓት ደርሶ ሻንጣን ሪሴፕሽን አስቀምጦ ግቢውን መጠቀም ነው። አብዛኛው ሎጅ ይፈቅዳል፣ ግን ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ካልጠየቃችሁ «የቀን መዋያ» ተብሎ ይታሰባል።

ሁለተኛው ዘመድዎ «ቁርስን ያጠቃልላል» ይባላል። ቁርሱ ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ነው፤ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ወተት፣ ማርማላታ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ይህ ገበታ ለጿሚ ቤተሰብ ኤግዚቢሽን ነው፤ ተከፍሎ ይታያል። ቀብድ ሳይላክ «ቁርሱን በጾም ምሳ ይቀይሩልን» ብሎ መጻፍ ያዋጣል። ወጥ ቤቱ ስለማይከብደው ብዙ ጊዜ እሺ ይላሉ። በቦታው ደርሶ መጠየቅ ግን ዋጋ የለውም፤ እንቁላሉ ተጠብሷል።

ሦስተኛው «ሕፃናት በነፃ» ነው። አንዱ ዘንድ ሕፃን እስከ 5 ዓመት ነው፣ ሌላው ዘንድ እስከ 6፤ እስከ 12 ግማሽ የሚያስከፍል አለ፣ «ተጨማሪ ፍራሽ» ብሎ ሙሉ የሚያስከፍልም አለ። በዚህ የተነሣ ስንት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሎጅ በር ላይ በድንገት አምስት ዓመቱ ይሆናል! ልጁ ራሱ «ኧረ እኔ ስምንቴ ነው» ብሎ እስኪያጋልጥ ድረስ ማለት ነው።

ወደ ትራንስፖርቱ እንምጣ፣ ትልቁ ወጪ እዚያ ነውና። ሚኒባስ ኮንትራት ሲያዝ ከነነዳጁ ነው ወይስ ያለ ነዳጅ? የሾፌሩ አበልና ማደሪያ በማን ነው? ይህ ሳይጠየቅ የተባለ ዋጋ ዋጋ አይደለም። የመናገሻ ሱባ ጫካ ከአዲስ አበባ በሰበታ በኩል ወደ 50 ኪሎ ሜትር ነው። ሾፌሩ አድርሶ ቢመለስና መጥቶ ቢወስድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል፤ አብሮ ቢያድር መንገዱ በግማሽ ይቀንሳል፣ ግን ሁለት ሌሊት አልጋና ምግብ አለው። የሾፌሩም አልጋ ፕላስ ፕላስ እንዳለው አትርሱ፤ ስለዚህ ለሱባ መመላለሱ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ወንጪ ከሆነ፣ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ሰውየውን ማሳደር ነው። የልጆቹ ረጅም እረፍት ክረምት ላይ መዋሉ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ሎጅ ቅናሽ የሚያደርገው ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ ኮረኮንቹ ጭቃ የሚሆነውም ያኔ ነው፣ የቅናሹን ብር መኪና ለሚገፉ የአካባቢው ጎረምሶች ታስረክባላችሁ። የመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ይሻላል፤ መንገዱ ደረቅ ነው። ብርዱን ግን ተዉት።

ስለ ብርዱ ካነሣን፣ የወንጪ ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ማታ እሳት ግድ ነው። እሳቱም ለብቻው ይከፈላል። በአራቱም አቅጣጫ ዛፍ ተከበን እንጨት በእስር እንገዛለን፣ ያውም ፕላስ ፕላስ! ይህን ቢያንስ እናሳምር፦ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ትናንት የተፈለጠ ባሕር ዛፍ ነው። እርጥቡ ከጫፉ አረፋ እያወጣ ያፏጫል፣ ጢሱ ጎጆውን ይሞላል፣ ልጆቹ ያስላሉ፣ እናንተ «ሌላ እስር» ታዛላችሁ። ስለዚህ ሳትከፍሉ በፊት ሁለት ፍልጥ አንሥታችሁ አጋጩ። ደረቅ ከሆነ ጠንከር ያለ ጩኸት አለው፣ እርጥብ ከሆነ ድብ ብሎ ይቀራል። ጫፉ ላይ ስንጥቅ የሌለውን መልሱ።

ምግብን በሚመለከት «ከውጭ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚለውን ሰሌዳ እናከብራለን። ክልከላው ግን የሎጁ እንጂ የጫካው አይደለም። ቆሎ፣ ዳቦና ድርቆሽ በሳምሶናይት ሳይሆን በልጆች ቦርሳ ይሁን፤ ምሳ በእግር ጉዞው ላይ ይበላል፣ ቆሻሻው ተሰብስቦ ይመለሳል። አራት ሰው በ650 ብር ሜኑ ምሳ ቢበላ 2,600 ይመስላል፤ በእርስዎ ቋንቋ 3,289 ነው። አንዷን ምሳ በድርቆሽ መተካት የአንድ ክፍል የአንድ ሌሊት ማደሪያን ግማሽ ሊጠጋ ምንም አይቀረውም። የልደት ኬክ ይዞ ለመጣ ደግሞ የኬክ ማስገቢያ የሚባል ነገር ስላለ ይጠየቅ፤ አልቀለድንም።

ሱባን ካነሣን አይቀር፣ ጫካው በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ጫካ የጽድ ዘር አስመጥተው ያስተከሉት ነው ይባላል። ንጉሡ ስለ ዘር ማመላለሻ ሰርቪስ ቻርጅ ስለመጠየቃቸው የተጻፈ ነገር አላገኘንም። ጉሬዛዎቹም ከዝግባ ዝግባ የሚዘሉት እስካሁን በነፃ ነው። የጫካው መግቢያ፣ የመኪና ማቆሚያና አስጎብኚ ግን ከሎጁ ሒሳብ ውጭ ናቸው፤ በር ላይ ይከፈላሉ፣ ዝርዝር ብር ይያዝ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብር አይሠራም።

በመሆኑም ክቡርነትዎ ከፖስተሩ ጥግ ተነሥተው ወደ ዋናው አኃዝ ውስጥ እንዲገቡልን እናመለክታለን። 7,590 ከሆነ 7,590 ተብሎ ይጻፍ፤ አቅሙ ያለው ይሄዳል፣ የሌለው እንጦጦ ወጥቶ ይመለሳል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲያሳይ ያዛል፤ ትንኝ የምታክል ምልክት በግልጽ ትታያለች ካሉን መነጽር በእርስዎ ወጪ ይገዛልን። እስከዚያው ለየሎጁ የምንልከው መልእክት ይህ ነው፦ «2 አዋቂ፣ 2 ልጅ፣ ዕድሜያቸው 5 እና 9፣ ከዓርብ እስከ እሁድ። ሰርቪስ ቻርጅ፣ ቫት፣ ፍራሽና ቁርስ ገብቶበት የምንከፍለው የመጨረሻ ብር ስንት ነው? በጽሑፍ ይመለስልን።» በጽሑፍ የመለሰ ሎጅ ቀብድ ያገኛል። «ይደውሉልን» ያለ አያገኝም።

ከሰላምታ ጋር
በጀታቸው የፈረሰ ወላጆች

ግልባጭ፦
ለአቶ «ዋጋ በውስጥ መስመር»፣ ቴሌግራም
ለወይዘሮ «ካለቀ በኋላ አልጋ የለም ቶሎ ይዘዙ»፣ ፌስቡክ
ለሾፌራችን፣ ስለ ማደሪያው እንዲያውቀው
ለባለቤቶቻችን፣ «ሆቴሉን ትተን ድንኳን እንግዛ» በሚለው ሐሳብ ላይ ውሳኔ እንዲሰጡበት