የሚያስነሳ ሰው

ኮሮና አሜሪካ መግባቱ መጀመሪያ የታወቀው እኛ ባለንበት በዋሽንግተን ስቴት ነው፤ በፈረንጆቹ ጥር 2020። መጋቢት ላይ አማዞንና ማይክሮሶፍት የሲያትል አካባቢ ሠራተኞቻቸውን ከቤት ሥሩ አሉ። ብዙም ሳይቆይ ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ታማሚ አስታወቀች፤ መጋቢት 4 ቀን 2012 ነበር። እኔ ሲያትል፣ የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ፣ ሁለታችንም ዴቨሎፐሮች (ሶፍትዌር ሠሪዎች)፣ በአንድ ሰሞን ላፕቶፓችንን ይዘን ቤት ገባን። ወረርሽኙ ጋብ ካለም በኋላ ከቤት መሥራቱ ቀጠለ። ለዚህ ነው ያኔ ያየሁት ነገር ዛሬም የሚያሳስበኝ።

አሜሪካ ለዴቨሎፐሩ ብዙ ተደርጎለታል። መሥሪያ ቤቱ ጥሩ ወንበር ይገዛል፣ ትልቅ ሞኒተር ይልካል። ኢንተርኔቱ አይቆራረጥም። ግን ስንቱ ወጣት ሐበሻ ብቻውን ነበር! አልጋው፣ ጠረጴዛውና ምድጃው አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። ምግቡ በር ላይ ተቀምጦለት ይሄዳል። ታኅሣሥ ላይ ሲያትል ውስጥ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል እንኳ ሳይሞላ ነው። ቆዳው ጠቆር ያለ ሰው ቫይታሚን ዲ ለማግኘት ከነጩ የበለጠ ፀሐይ ያስፈልገዋል፤ እዚህ አገር በክረምት ያቺ ፀሐይ የለችም። ከማውቃቸው ሐበሾች ብዙዎቹ ተመርምረው ቫይታሚን ዲያችሁ ዝቅ ብሏል ተብለዋል። እኔም ኪኒኑን የጀመርኩት ያኔ ነው።

አዲስ አበባ ደግሞ ሌላ ነው። የአክስቴ ቤት ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። እሱ፣ እናቱ፣ ሁለት እህቶቹና አያታችን አብረው ይኖራሉ። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ጠረጴዛውን እህቶቹ ያዙት። እሱ ላፕቶፑን ቡፌው ላይ አውጥቶ ቆሞ ነበር ኮድ የሚጽፈው። በቪዲዮ ስናወራ አክስቴ ከጓዳ ትጣራለች፦ «አንተ ልጅ፣ ና እንጂ! አቦሉ ቀዘቀዘ!» ሄዶ ይቀመጣል፤ ቶናውንም ጠጥቶ ይመለሳል። ትንሽ ቆይቶ መብራት ይሄዳል፤ ደረጃውን ወርዶ ግቢው ውስጥ ይንጎራደዳል። ደግሞ ዳቦ ግዛ ይባላል።

እኛ ሶፍትዌር የምንሠራ ሰዎች መቋረጥ አንወድም። አንድን ችግር ጭንቅላታችን ውስጥ ሰብስበን ስንይዝ ማንም እንዲጠራን አንፈልግም። ሰውነት ግን መቋረጥ ይፈልጋል። ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ሰው ዓይኑን የሚያርገበግበው አልፎ አልፎ ነው። ዓይኑ የሚደርቀው ለዚህ ነው። የዓይን ሐኪሞች በየ20 ደቂቃው ለ20 ሴኮንድ ስድስት ሜትር ያህል ራቅ ያለ ነገር እዩ ይላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንደ ፈጣን እርምጃ ያለ እንቅስቃሴ ያድርግ ይላል። እዚህ ለዚህ ሁሉ አላርም እንሞላለን። አላርሙ ሲጮህ በጣት ነካ አድርገን እናጠፋዋለን። አክስቴ ግን እስኪነሳ ድረስ ትጠራዋለች።

በ2013 የአክስቴን ልጅ ኮሮና ያዘው። ትኩሳት እያለበት ላፕቶፑን አልጋ ላይ ከፍቶ ሊሠራ ሲል አክስቴ ቻርጀሩን ደበቀችበት። አንዱን መኝታ ቤት ለብቻው ለቀው ምግቡን በር ላይ እያስቀመጡ፣ መስኮቱን ከፍተው አስታመሙት። አያታችንን ወደዚያ አላስጠጓትም። ዝንጅብሉም ነጭ ሽንኩርቱም ነበር፤ እኔ ግን ዋናው የረዳው ዕረፍቱ ነው ባይ ነኝ። እዚህ ያሉ ጓደኞቼ ግን እያተኮሳቸው ስብሰባ ይገቡ ነበር። «ከቤት አይደል እንዴ የምሠራው?» ይላሉ። የሕመም ፈቃዳቸው ሳይነካ ተቀምጧል። ላፕቶፑን የሚቀማቸው ሰው ስለሌለ ብቻ! ካየሁት ሁሉ ያዘንኩት በዚህ ነው።

የአገር ቤቱ ሁሉ መልካም ነው ማለቴ አይደለም። ብዙ ሰው የሚኖርበት ቤት ውስጥ ቫይረሱ ለመዛመት ይቀለዋል፤ ለቅሶውም አልቀረም። ታክሲው በግማሽ ይጫን ሲባል ታሪፉ እጥፍ ሆነ፤ ያንን ከፍሎ፣ ወጥቶ ሠርቶ የሚያድረው ሰው ከቤት ልሥራ ቢል ማን ይሰማዋል? እዚህም ኤርፖርት የሚሠራው፣ ታክሲ የሚነዳው፣ አረጋውያን የምትንከባከበው ሐበሻ እኛ ቤት ስንዘጋ ሥራ ላይ ነበሩ። ዴቨሎፐር በሁለቱም አገር ዕድለኛ ነው።

አገር ቤት ያለውን ልጅ ከምንም በላይ የጎዳው ሌሊቱ ነው። የሚሠራው አሜሪካ ዌስት ኮስት ላለ ድርጅት ነው። እዚያ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 1 ሰዓት ላይ ስብሰባ ሲጠራ፣ በበጋቸው አዲስ አበባ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ነው። ከዚያ ተነስቶ እስኪነጋጋ ይሠራል፤ ቀን ደግሞ ቤቱ ስለሚንጫጫ አይተኛም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ኢንተርኔት ሲቋረጥ ጭራሽ ባሰ፤ ከሁለት ሳምንት በላይ ሥራዬ ይኖር ይሆን እያለ እንቅልፍ አጣ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በፈረንጆቹ 2021 ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ በ35 በመቶ ይጨምራል። ይህ ልጅ ከዚያ በላይ ይሠራ ነበር።

እኛ ሲያትል ያለን ጓደኛሞች አንድ ነገር ጀመርን። ሥራ ስንጨርስ እየተደዋወልን፣ ማስክ አድርገን፣ ተራርቀን ግሪን ሌክ የሚባለውን ሐይቅ መዞር። ዙሪያው አራት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የቀረ ሰው ካለ ቤቱ ድረስ ሄደን እናንኳኳለን፤ አሁንም ሰው ይጨምራል እንጂ አልተውነውም። የአክስቴ ልጅም ከብዙ ማመንታት በኋላ አለቃውን ጠየቀ። ስብሰባው ወደ ጠዋት 2 ሰዓት ማለትም ወደ ፈረንጆቹ 8 ሰዓት ተዛወረለት፤ አዲስ አበባ 12 ሰዓት ምሽት ማለት ነው። መልሱ በአንድ ቀን መጣ። እዚህ ቡድን የምትመሩ ሐበሾች፣ አገር ቤት ያሉት ልጆች ሥራችንን እናጣለን ብለው ይህን አይጠይቁም። እናንተ ጠይቁላቸው።